የላይኛው ጥርስ ሲገባ የታችኛው ወዴት ይሄዳል? የገጣጣ ጥርስ ማስተካከያዎች ሲነጻጸሩ

ገጣጣ ጥርስ ሊያስተካክል የሚመጣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ላይኛው ጥርስ ላይ ነው። መስታወት ላይ የሚታየው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ቅጽል ስም የሚያሰጠውም እሱ ነው። የታችኞቹን አራት የፊት ጥርሶች ልብ የሚላቸው የለም። እኔ ግን መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት የታቹን እዩ እላለሁ። ገጣጣን የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የላዩን ወደ ኋላ ሲመልሱ የታቹን ወደ ፊት ያመጣሉ። አንዳንዱን ልጅ ይህ በጣም ይጠቅመዋል። አንዳንዱን ደግሞ ከዓመታት በኋላ የድድ ጣጣ ውስጥ ይከተዋል።

ባሕር ዳር ውስጥ የምሠራ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ተለጥፎ በሽቦ የሚያስተካክለውን፣ አላስርም፤ እሱ የኦርቶዶንቲስቶች፣ የጥርስ አሰላለፍ የሚያስተካክሉት ስፔሻሊስቶች፣ ሥራ ነው። ወደኔ የሚመጣው ከማሰሩ በፊት «የቱን ላድርግ?» የሚለው፣ ካወለቀ በኋላ ደግሞ «ዶክተር፣ የታች ድዴ ሸሸብኝ» የሚለው ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹን የማወዳድረው የላዩን ጥርስ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚመልሱ አይደለም። በደንብ ከተሠራባቸው ሁሉም ይመልሱታል። የማወዳድረው የታቹን የት አድርሰው እንደሚያቆሙት ነው።

ከመሣሪያው በፊት ችግሩን እንለይ። አንዱ ችግር የላይ ጥርስ ወደ ፊት መውጣቱ ነው። በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል በአግድም የሚለካ ክፍተት አለ፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ጤናማ ነው። ሌላው የላዩ ጥርስ ወደ ታች ወርዶ የታቹን መሸፈኑ ነው። ሲሶውን ያህል ቢሸፍን ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ የሚውጥበት ሰውም አለ፤ የታች ጥርሶቹ ጫፍ ላንቃውን እየወጋ ያቆስለዋል። ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። እዚህ በብዛት የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ወደ ሁለተኛው በኋላ እመለሳለሁ።

የታቹ ጥርስ ለምን ይነቃነቃል?

ገጣጣ የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የላይ ጥርሱ ብቻ ወጥቶ አይደለም። የታች መንጋጭላው ወደ ኋላ ቀርቶበት ነው። መሣሪያው መንጋጭላውን ወደ ፊት አምጥቶ ያቆየዋል። ጡንቻዎች ግን ወደ ለመዱት ቦታ መመለስ ይፈልጋሉ። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት፤ የሚያርፈውም ጥርሶቹ ላይ ነው። የላዮቹን ወደ ኋላ፣ የታቾቹን ወደ ፊት ይወስዳቸዋል። ጣና ላይ ታንኳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌላ ታንኳ በገመድ የሳበ ሰው ያውቀዋል፤ ያኛው ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ የራሱም ይሄዳል።

ምን ያህል ይሄዳል? ኦርቶዶንቲስቶች ከጎን በሚነሣ የጭንቅላት ራጅ ላይ የታች የፊት ጥርስ ከመንጋጭላው ግርጌ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ይለካሉ። አሜሪካዊው ቻርልስ ትዊድ 90 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው ብሎ ነበር፤ አሁንም እንደ መነሻ ይጠቀሙበታል። መንጋጭላ ወደ ፊት የሚያመጡት መሣሪያዎች ይህን ማዕዘን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምሩት ይችላሉ። 88 ላይ ለነበረ ልጅ ችግር የለውም። 100 ላይ ለነበረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የልጃችሁ ክፍተት 9 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ሕክምናው ሲያልቅ 2 ሆነ፤ ደስ አላችሁ። ያ 7 ሚሊ ሜትር ግን ከየት መጣ? መንጋጭላው 2 መጥቶ፣ የላይ ጥርሶች 3 ገብተው፣ የታቾቹ 2 ወደ ፊት አዘንብለው ሊሆን ይችላል። ማስመሪያው ይህን አይለይም። ክፍተቱ ተዘጋ ማለት መንጋጭላው አደገ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ትልቅ ጥናት ትዊን ብሎክ የተባለውን ተነቃይ መሣሪያ ባደረጉ ልጆች ላይ ከክፍተቱ መቀነስ ሩብ አካባቢው ብቻ የአጥንት ለውጥ፣ ቀሪው የጥርስ መንቀሳቀስ ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ «አጥንቱን ያሳድግልሃል» የሚል ማስታወቂያ ስትሰሙ ትንሽ ቀንሳችሁ ስሙ።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከዘጌ በጀልባ መጥታ ነበር። አፉን ከፍቼ የታቹን ሳይ ቆየሁ መሰለኝ አላስቻላትም። «ኧረ ዶክተር፣ የታቹማ ምን ሆነ! የላዩን ብቻ መልሱልኝ» አለችኝ። «እናቴ፣ የላዩን የምንመልሰው የታቹን ተደግፈን ነው» አልኳት። የልጁ የታች ጥርሶች ወደ ምላሱ ገብተው፣ ከንፈሩ ደግሞ የላይና የታች ጥርሶቹ መሀል ተሰንቅሮ ነበር። ለሱ የታች ጥርስ ወደ ፊት መምጣቱ ትርፍ ነው።

ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?

አውራ ጣት ለረጅም ጊዜ የጠባ ልጅ የላይ ጥርሱ ይወጣል፣ የታቹ ይገባል። የታች ከንፈሩ ከላይ ጥርሱ ጀርባ የሚያርፍበት ልጅም እንደዚያው። እነዚህ ልጆች የታች ጥርሳቸው ወደ ፊት ቢመጣ ወደ ቦታው ተመለሰ ማለት ነው። እነሱን መንጋጭላ በሚያመጣ መሣሪያ ማከም ብዙ አያስፈራኝም።

በሌላ በኩል ሰውነት ራሱ አስቀድሞ የሠራበት ሰው አለ። መንጋጭላው ወደ ኋላ ሲቀር ምላስ የታች ጥርሶችን ቀስ በቀስ ገፍቶ ወደ ፊት አዘንብሏቸዋል። ይህ ሰው ክፍተቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢመስልም የአጥንቱ ችግር ከዚያ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሌላ 8 ዲግሪ ሲጨመር ጥርሱ ከአጥንቱ ጠርዝ ይጠጋል። የታች የፊት ጥርሶች ፊት ለፊት ያለው አጥንት ድሮም ስስ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ወረቀት ታክላለች።

ይህን እቤታችሁ መገመት ትችላላችሁ። የቀን ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ቁሙ። የታች ከንፈራችሁን በሁለት ጣት ወደ ታች ሳቡና ድዱን እዩ። ድዱ ወፈር ብሎ ሮዝ ወይም ቡናማ ሆኖ ከታየ፣ የጥርስ ሥር ቅርጽም ካልወጣ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ድዱ ስስ ሆኖ የጥርሶቹ ሥር እንደ ጉብታ ጎልቶ ከታየ ግን ለሐኪሙ መንገር አለባችሁ። እኛ ደግሞ ቀላል መለኪያ አለን። የድድ መለኪያዋን ቀጭን ብረት ቀስ ብለን በጥርሱና በድዱ መሀል እናስገባለን። የብረቷ ጥላ በድዱ ውስጥ አልፎ ከታየ ድዱ ስስ ነው። ካልታየ ወፍራም ነው። ደቂቃ አይፈጅም፤ አያምም። ብሬስ ልታስሩ ስትሄዱ ይህን ካላደረጉላችሁ ጠይቁ።

ደግሞ ሳላስፈራራችሁ ልናገር። ጥርስ ወደ ፊት ያዘነበለ ሁሉ ድዱ አይሸሽም። ኸርብስት በተባለው መሣሪያ የታከሙ ልጆችን የተከታተለ ጥናት የታች ጥርሶች ቢያዘነብሉም ከድድ መሸሽ ጋር ግልጽ ግንኙነት አላገኘም። ሌሎች ጥናቶች፣ በተለይ አዋቂዎች ላይ፣ ድዱ ስስ ሲሆን አደጋው ከፍ እንደሚል ያሳያሉ። ድድ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ነገሮች ሲደራረቡ ነው። ስስ ድድ፣ ያዘነበለ ጥርስ፣ ያልጸዳ የጥርስ ድንጋይ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ጠንካራ አፋፋቅ። ወይራ መፋቂያ እወዳለሁ። ግን የታች ጥርሱ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው መፋቂያውን በአግድም ሲስበው የሚያገኘው መጀመሪያ ያንን ስስ ድድ ነው።

ትዊን ብሎክ

ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠረው ነው። ሁለት ተነቃይ ፕላስቲኮች ናቸው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ጎናቸው ላይ በሰያፍ የተቆረጡ ጉብታዎች አሉ። ልጁ አፉን ሲገጥም ጉብታዎቹ ይንሸራተቱና መንጋጭላውን ወደ ፊት እንዲያመጣ ያስገድዱታል። ሌትና ቀን ይደረጋል። ሲበላም ቢሆን ይሻላል፤ በተግባር ግን ብዙ ልጅ ለምግብ ያወልቀዋል። አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ብሬስ ይከተላል።

የታች የፊት ጥርስን ይገፋል። አንዳንድ ሐኪሞች የታችኛው ፕላስቲክ የፊት ጥርሶቹን ጫፍ አልፎ እንዲሸፍናቸው ያደርጋሉ፤ እንዳያዘነብሉ። የተገኘው ውጤት አንድ ወጥ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ያስቆማል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ጥሩ ጎኑ ወልቆ መታጠቡ ነው። ጥርስም እንደልብ ይቦረሻል። መጥፎ ጎኑም ያው ወልቆ መቅረቱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ምራቅ ይበዛል። «ሰ» እና «ሸ» ይደባለቃሉ። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲስቁበት ኪሱ ይከተዋል፤ ኪሱ ውስጥ የሚውል ትዊን ብሎክ ደግሞ ማንንም አያክምም። ወላጅ ቁጥጥር ማድረግ ካልቻለ ገንዘቡን አታውጡ።

ዕድሜውስ? መንጋጭላ ከሚያመጡ መሣሪያዎች የተሻለ ውጤት የሚገኘው ልጁ በሚመዘዝበት ወቅት ነው። ሴቶች ላይ ከ10 እስከ 12፣ ወንዶች ላይ ከ12 እስከ 14 አካባቢ ነው። በ7 እና በ8 ዓመት ቶሎ ካልጀመርን ያመልጠናል የሚሉ አሉ። ቀድሞ መጀመርን ቆይቶ ከመጀመር ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲደመሩ ግን የመጨረሻው ውጤት ተመሳሳይ ሆኖ ነው የተገኘው። ቀድሞ የጀመረው አንድ ጥቅም አለው። ወድቆ ወይም ተጋጭቶ የላይ የፊት ጥርሱን የመስበር ዕድሉ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲጫወት የሚውል፣ ጥርሱ በጣም የወጣ ልጅ ካላችሁ ይህች ሚዛን ትደፋለች።

ኸርብስት

ጀርመናዊው ኤሚል ኸርብስት እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው ነው። ከዚያ ተረሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ሃንስ ፓንኸርዝ አቧራውን አራግፎ መለሰው። በግራና በቀኝ አንድ ቱቦና በውስጡ የሚንሸራተት አንድ ዘንግ አለው። የላይ መንጋጋ ጥርስን ከታች ጥርሶች ጋር ያገናኛል፤ አፍ ሲከፈት ይረዝማል፣ ሲዘጋ መንጋጭላውን ወደ ፊት ያመጣዋል። ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ልጁ አያወልቀውም። ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው።

ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ሃያ አራት ሰዓት ስለሚሠራ የታች ጥርሶችን በደንብ ይገፋል። ከወለቀ በኋላ ጥርሶቹ በከፊል ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ይህ አንዳንዴ ደስ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ የታች ጥርሶች እንዲጨናነቁ ያደርጋል። በታች መንጋጭላ ላይ ትናንሽ ብሎኖች ተክሎ ጥርሶቹን ከነሱ ጋር ማሰር መግፋቱን ይቀንሰዋል። ብሎኑን የሚተክል ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ብሬስ ላይ የሚገባ ሞላ

ፎርሰስ በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት ነው። ሙሉ ብሬስ ከታሰረ በኋላ ከላይ መንጋጋ ጥርስ ወደ ታች ሽቦ የሚዘረጋ ሞላ ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ ይቆያል። እሱም የታች የፊት ጥርሶችን ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ታችም ይጫናቸዋል። መግፋቱ የሚወሰነው ሞላው ሲገባ የታች ጥርሶቹ ምን ያህል በጠነከረ ሽቦ እንደታሰሩ ነው። ቀጭን ክብ ሽቦ ላይ ሞላ ከገባ ጥርሶቹ ይተኛሉ። ወፍራም አራት ማዕዘን ሽቦ ደርሶ፣ ጫፉ ከኋላ ታጥፎ፣ ጥርሶቹ አንድ ላይ ተጠፍረው ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። ስለዚህ «የታቹ ሽቦ ደረሰ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሐኪሙ አይቀየማችሁም። ጥሩ ሐኪም እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ላስቲክ

ተራ ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው አያስበውም። ከላይ የውሻ ክራንቻ ወደ ታች መንጋጋ ጥርስ የሚዘረጋ ትንሽ ላስቲክ ነው። በየቀኑ ይቀየራል፤ ለምግብና ለጥርስ መቦረሽ ብቻ እየወለቀ ይደረጋል። ርካሽ ነው። በብዙ የብሬስ ሕክምና ውስጥ አለ። ግን ከላይ ያልኳችሁ የታንኳ ገመድ ማለት እሱ ነው። የላይ ጥርሶችን ወደ ኋላ ይስባል፤ የታች መንጋጋ ጥርሶችን ወደ ፊትና ወደ ላይ ያመጣል፤ የታች የፊት ጥርሶችን ያዘነብላል።

«እኔ መሣሪያ አልፈልግም፣ ላስቲክ ብቻ ይበቃኛል» የሚል ሰው ከመግፋቱ ያመለጠ ይመስለዋል። አላመለጠም። ጥናቶች ሲነጻጸሩ የላስቲክና መንጋጭላ የሚያመጡ መሣሪያዎች የመጨረሻ ውጤት ብዙም አይራራቅም፤ ላስቲክ ደግሞ ይበልጥ የሚሠራው ጥርስ ላይ ነው። ፊቱ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ላይ ሌላም ችግር አለ። የታች መንጋጋ ጥርስ ወደ ላይ ሲወጣ አገጭ ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዞራል፤ የላይ የፊት ጥርስም ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ ላለ ሰው ለወራት ላስቲክ ማድረግ አልወድለትም። ክፍተቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ትርፍ ከሆነ፣ የታች ጥርሱም ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ፣ ላስቲክ በቂ ነው።

ደግሞ ያንን ላስቲክ ከገበያ ገዝታችሁ የፊት ጥርስ ክፍተት ለመዝጋት ጥርስ ላይ እንዳትጠመጥሙ። ተንሸራቶ ወደ ሥር ይገባና ጤነኛ ጥርስ ያስነቅላል። ይህ ከርዕሳችን ውጭ ነው፤ ግን ሳልናገር ባልፍ ያሳስበኛል።

የታቹን የማይገፉትና ሌሎች አማራጮች

ሄድጊር የሚባለው ከውጭ፣ ከአንገት ወይም ከራስ ቅል ጀርባ የሚታሰር ነው። የሚደገፈው የታች ጥርስ ላይ ስላልሆነ የታቹን አይገፋም። በማደግ ላይ ላለ ልጅ የላዩን ወደ ኋላ ይይዛል። ችግሩ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማድረግ ይፈልጋል። በአብዛኛው ቤት ውስጥና ሌሊት ነው የሚደረገው፤ ሆኖም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን እሺ ብሎ ሲያደርግ ማየት ብርቅ ነው። የደኅንነት መቆለፊያ የሌለውን አትቀበሉ። ተስፈንጥሮ ዓይን የጎዳበት ጊዜ አለ።

ዕድገቱ ላበቃ ሰው ግን ዋናው አማራጭ ከላይ ሁለት ትናንሽ መንጋጋ ጥርሶችን ነቅሎ የፊቶቹን ወደ ኋላ መሳብ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቦታ ይሰጣል። የታቹ እንዳለ ይቀመጣል። ሰው «ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል እንዴ?» ይላል፤ እውነት ነው፣ ጥርስ መንቀል ለማንም ቀላል ውሳኔ አይደለም። ግን የታች ጥርሱ አስቀድሞ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ድዱም ስስ የሆነ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ላይ ላስቲክና ሞላ ከመጫን ሁለት ጥርስ መንቀል ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ይህ የኔ አቋም ነው። በመንቀል ጊዜ መጠንቀቅ ያለባችሁ ፊት ላይ ነው። የላይ ጥርስ ሲገባ የላይ ከንፈርም በመጠኑ ይከተለዋል። አፍንጫው ረዘም፣ አገጩ ገባ ያለ ሰው ጎኑን ሲያይ ላይወደው ይችላል። ሐኪሙ ፎቷችሁን ከጎን አንሥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የመንጋጭላ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው። እዚያ ላይ የታች ጥርስ ታሪኩ ይገለበጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኦርቶዶንቲስቱ ያዘነበሉትን የታች ጥርሶች ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ክፍተቱ ስለሚሰፋ ለጥቂት ወራት ገጣጣው ብሶ ይታያል። የሚደረገው ግን ሆን ተብሎ ነው፤ መንጋጭላው ወደ ፊት የሚመጣበት ቦታ እንዲኖር። ቀድሞ በላስቲክ የታች ጥርሱን ያስተኛ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲያስብ ያን ሁሉ መልሶ ማፍረስ ይኖርበታል።

የማይታየው ፕላስቲክ፣ አላይነር የሚባለው፣ ስሙ ዘመናዊ ቢሆንም ገጣጣን ሲያስተካክል ብዙ ጊዜ ላስቲክ ይታከልበታል። ላስቲክ ካለ የታቹ መግፋትም አለ።

ችግሩ መሸፈን ብቻ ከሆነ

የላዩ የታቹን ሙሉ በሙሉ የሸፈነበት ልጅ ላይ ከላይ ጥርሶች ጀርባ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይደረጋል። የታች የፊት ጥርሶች እሱን ይነክሳሉ፤ የኋላ ጥርሶች ተለያይተው ቀስ በቀስ ይበቅላሉ። የታቹን ከመግፋት ይልቅ ይጫናል።

በብሬስ ከሆነ ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። የታች ጥርሶች መስመር ጠልቆ የጎበጠ ከሆነ ሽቦው ያን ጉብጠት ሲያቃና የፊት ጥርሶች ወደ ፊት ይሄዳሉ። የላስቲክም የሞላም እጅ የለበትም። ጉብጠቱ ሲቃና ጥርሶቹ ተጨማሪ ቦታ ስለሚፈልጉ ነው። ጥርሶቹ የተጨናነቁ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ባሕር ዳር ላይ የሚያመዝነው

እዚህ ከተማ መሣሪያ ስንመርጥ ከራጁ ጎን የሚቀመጥ ሌላ ጥያቄ አለ። ቀጠሮ ቢያልፍስ? ኦርቶዶንቲስት ፍለጋ አዲስ አበባ የሚመላለስ ብዙ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ይወደዳል፣ ፈተና ይደርሳል። ስለዚህ «ሐኪሙ ሳያየኝ ሦስት ወር ቢያልፍ ይህ መሣሪያ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ትዊን ብሎክ ቢሰበር አውልቆ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ጉዳቱ ሥራው መቆሙ ነው። ሞላ ግን ሥራውን ይቀጥላል። አንዱ ጎን ተሰብሮ ሌላው ጎን ብቻ እየገፋ ከቆየ የጥርሶቹ መሀል መስመር ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ኸርብስትም ዘንጉ ሲወልቅ ወይም ማሰሪያው ሲላቀቅ እኔ ጋ መጥቶ ማላላት እንጂ መጠገን አልችልም። ላስቲክ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ የሚያደርግ ልጅ አይጠፋም፤ «በግራ ያመኛል» ብሎ። ቀጠሮ መጠበቅ የማይችል ሰው ተነቃይ መሣሪያ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ ቤት ውስጥ የሚቆጣጠረው እስካለ ድረስ።

ምግቡም አለ። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ በቆሎ፣ እነዚህ የተለጠፈ ነገር ጠላቶች ናቸው። የማንጎ ቃጫ ሞላ ውስጥ ይገባና በስንጥር አይወጣም፤ ማንጎውን ቆርጣችሁ በሹካ ብሉ። የጣና ቆሮሶ ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ ብሬስ ላለው ሰው ምርጥ ነው፤ እሾሁን ግን በጣት ለይታችሁ።

እኔ ብሆን

ልጁ 12 ዓመቱ፣ የታች ጥርሱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ወይም ቀጥ ያለ፣ ድዱ ወፍራም ከሆነ ትዊን ብሎክ አስደርገዋለሁ። እንደማያደርገው ካወቅሁና ሐኪሙ ቅርብ ከሆነ ኸርብስት። የታች ጥርሱ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ድዱም ስስ ከሆነ ግን ቆም እላለሁ። ሄድጊር የሚያደርግ ልጅ ከሆነ እሱን፤ ካልሆነ ኦርቶዶንቲስቱን ስለ ብሎን እጠይቃለሁ። አዋቂ ከሆነና ክፍተቱ ትልቅ ከሆነ ላስቲክ ተስፋ አላደርግበትም። ከመንቀልና ከቀዶ ሕክምና አንዱን አመዛዝናለሁ።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ የጎን ራጁን አሳዩኝ በሉ። የታች ጥርሱ አሁን ስንት ዲግሪ ላይ ነው፣ ስናበቃ ስንት ላይ ይሆናል ብለው ያስባሉ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩን አስቦበት እንደሆነ ነው የምትሰሙት። «እሱን እኛ እናውቃለን» ከተባላችሁ ሌላም ሐኪም አማክሩ።

ከወለቀ በኋላ

ወደ ፊት የተገፋ የታች ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ ይፈልጋል። ከንፈር ይጫነዋል። ሲመለስ ደግሞ ቦታ ስለሚጠብ ይጨናነቃል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ለዚህ ነው ከውሻ ክራንቻ እስከ ውሻ ክራንቻ ከጥርሶቹ ጀርባ ቀጭን ሽቦ የሚለጠፈው። ለወራት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ይቆያል።

ያ ሽቦ የጥርስ ድንጋይ ይወዳል። የምራቅ ዕጢ መውጫ ከምላስ ሥር፣ እዚያው አጠገብ ስለሆነ ድንጋዩ እዚያ ቶሎ ይሠራል። በስድስት ወር አንዴ አስጠርጉት። ለስላሳ ቡርሽ ተጠቀሙ፤ መፋቂያ ካላችሁ ጫፉን በደንብ አኝካችሁ አለስልሱትና ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሳቡት፤ በአግድም አትፈትጉ። በየጊዜው ደግሞ ከንፈራችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የአራቱን ጥርሶች ድድ ከፍታ አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ጥርሱ ረዝሞ ከታየ ሳይብስ ኑ፤ ገና በጊዜው ከሆነ ጥርሱን መልሶ ማስገባትም ሆነ ድድ መትከል ይቻላል።

ሽቦው ከአንዱ ጥርስ ላይ ቢላቀቅ አይታወቃችሁም፤ አያምም። ያ ጥርስ ግን ብቻውን መዞር ይጀምራል። አንዳንዴም የተጣመመ ሽቦ ራሱ ጥርሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ምላሳችሁ ከጥርስ ጀርባ ትናንት ያልነበረ ሻካራ ነገር ካገኘ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሳምንት ኑ።